ሆረር የማይወድ ሰው ሆረር ፊልም እንዴት አርጎ ነው እስከ መጨረሻው የሚያየው?

እቴቴ_ፍኖተሰላም

ሰላም እንዴት ዋላችሁ። ረጅም ነው ታገሱኝ፣ ለብዙዎቻችሁ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል ለኔ ግን ሳምንት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ይዤው የዞርኩት ጉዳይ ነው።

ፍኖተ ሰላም ነው የምኖረው፣ ስራዬ ልብስ ስፌት ነው። አንድ ታናሽ ወንድም አለኝ፣ ባህር ዳር ፖሊ 3ኛ አመት ጨርሶ አሁን ለክረምት እኔ ጋ መጥቷል። እናታችን እሱ 6 አመቱ እያለ ነው ያረፈችው፣ አባባ ደግሞ አምና ግንቦት፣ ሙት አመቱን ዘንድሮ አደረግን፣ እና አሁን የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነን። ድሮ ወሬው አያልቅም ነበር፣ ከግቢ ሲመጣ የዶርሙን የካፌውን የመምህሩን ሁሉ ሲያወራ አባባ "አንተ ልጅ እንጀራው ደረቀ እኮ" ይለው ነበር። አሁን ምሳ ይበላል፣ ቡናው ላይ ይቀመጣል፣ "ደህና ነኝ" ይላል፣ ከዛ ክፍሉ ይገባና ላፕቶፑን ከፍቶ እስከ ሌሊት 7 እና 8 ሰዓት ሆረር ፊልም ያያል። ሆረር ብቻ። ኳስ የለ ኮሜዲ የለ። ጩኸቱ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።

እሁድ እለት ቶናው ላይ በራሱ ጊዜ "እቴቴ አንድ ፊልም አለ፣ አብረሽኝ ታያለሽ ወይ" አለኝ። ከአመት ወዲህ እሱ ራሱ ከኔ የፈለገው የመጀመሪያው ነገር ነው። ሳላስበው እሺ አልኩት፣ ፊቱ ትንሽ ፈካ አለ፣ እና አሁን እሺታዬን መመለስ አልችልም አልፈልግምም።

ችግሩ እኔ ሆረር አልችልም። አልወደውም ብቻ አይደለም፣ ያመኛል። የ11 አመት ልጅ እያለሁ ጎረቤታችን ቤት ዴክ የገባ ሰሞን የሰፈር ልጆች ተሰብስበን ሰይጣን የያዛት ልጅ ያለችበት ፊልም አየን፣ ቋንቋው ምኑም አልገባኝም ግን ያ የልጅቷ ፊት ለሁለት ወር ከአይኔ አልጠፋም፣ ማታ ማታ ሽንት ቤት ብቻዬን መውጣት አቃተኝ፣ ዱካክም ያኔ ነው የጀመረኝ። አሁን ትልቅ ሰው ሆኜም ስጨነቅ ይመጣብኛል፣ አይኔ ተከፍቶ እጄን ማንቀሳቀስ እያቃተኝ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል።

ፊልሙ "ኤ ኳየት ፕሌስ" ነው አለኝ። ያያችሁት ካላችሁ ምን ምን እንዳለው ንገሩኝ፣ መጨረሻውንም እንዳትደብቁኝ፣ እኔ አውቄው ብገባ ነው የሚሻለኝ። ሆረር የማትወዱ ሆናችሁ ለሰው ብላችሁ ያያችሁም ካላችሁ እንዴት እንደቻላችሁት ንገሩኝ።


ኤዲተሩ_ጣና

እህቴ አይቼዋለሁ። ስራዬ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው፣ አብዛኛው የሰርግ ነው ግን ድምፅ ሰው ላይ ምን እንደሚሰራ በየቀኑ ስለማይ ከሱ ልጀምርልሽ። ሆረር ፊልም በአይንሽ ብቻ ሳይሆን በጆሮሽ ነው የሚገባው። ጃምፕ ስኬር የሚባለው አሰራሩ አንድ ነው፣ መጀመሪያ ሁሉንም ድምፅ ያጠፉታል፣ አንቺ ሳታውቂ ጆሮሽን ታቆሚያለሽ፣ ከዛ ድንገት ትልቅ ድምፅ ይለቁብሻል። ሰውነትሽ የሚደነግጠው አእምሮሽ ምን እንደሆነ ሳይለይ በፊት ነው፣ ሁሉም ሰው ጋ እንደዛ ነው፣ ሆረር የሚወደውም ይዘላል። ስለዚህ መደንገጥሽን እንደ ድክመት አትቁጠሪው።

ድምፅ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ሳይኮ የሚባለው የሂችኮክ ፊልም ማስረጃ ነው፣ በፈረንጅ 1960 የወጣ። ያቺ ሴትዮ ሻወር ቤት የምትገደልበት ሲን ላይ ሂችኮክ መጀመሪያ ሙዚቃ እንዲገባ አልፈለገም ነበር፣ የሙዚቃው ባለሙያ በርናርድ ኸርማን ግን ቫዮሊኖቹን እንደዛ አስጮሃቸው፣ እና እስከ ዛሬ ሰው የሚያስታውሰው ድምፁን ነው። ደሙ ደግሞ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፣ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ደም መስሎ ታየ። ይሄን ካወቅኩ በኋላ እኔ ራሴ ደም ባየሁ ቁጥር "ማን ቀባው ስንት ሰዓት ፈጀበት" እያልኩ ነው የማየው፣ በጣም ይረዳል።

አሁን ወደዚህ ፊልም። በፈረንጅ 2018 የወጣ ነው፣ 1 ሰዓት ከ30 ገደማ ነው፣ ረጅም አይደለም። ታሪኩ አይን የሌላቸው ግን ድምፅ የሚያድኑ አውሬዎች አለሙን አጥፍተውት አንድ ቤተሰብ ድምፅ ሳያሰማ ለመኖር ሲታገል ነው። በባዶ እግራቸው አሸዋ በተነሰነሰበት መንገድ ይሄዳሉ፣ የሚነጋገሩት በምልክት ቋንቋ ነው ምክንያቱም ትልቋ ልጅ መስማት የተሳናት ናት፣ ተዋናይዋም በእውነት መስማት የተሳናት ናት። ንግግር በጣም ትንሽ ስለሆነ እንግሊዝኛ አያስጨንቅሽም። ሰይጣን የያዘው ሰው ምናምን የለበትም፣ እሱን ፈርተሽ ከሆነ እረፊ።

የሚከብዱት ቦታዎች እነዚህ ናቸው። ገና መጀመሪያው ላይ ትንሹ ልጅ ድልድይ ላይ መጫወቻው ይጮህና አውሬው ይወስደዋል፣ በጣም ፈጣን ነው፣ አካሉን አያሳዩም ግን አባትየው ሲሮጥ ያማል። መሀል ላይ እናትየው ነፍሰ ጡር ናት፣ ደረጃ ላይ የቆመ ምስማር አለ፣ ምስማሩን ቀድመው ያሳዩሻል ስለዚህ ስታይው ተዘጋጂ። ከዛ ሳትጮህ መውለድ አለባት፣ እሱ ረጅም ነው የሚያስጨንቀውም እሱ ነው። መጨረሻውን... እሱን እኔ መናገር ከበደኝ፣ ሆረር ሆኖ ሳይሆን የአንቺን ፅሁፍ ካነበብኩ በኋላ።

ቀን እዩት፣ መጋረጃው ይከፈት፣ ስፒከር አትሰኩ በላፕቶፑ ድምፅ ብቻ፣ ትንሽ ራቅ በይ። ዌርስ ዘ ጃምፕ የሚባል ድረገፅ አለ የስንት ፊልም ጃምፕ ስኬር በስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳለ ይፅፋል፣ ወረቀት ላይ ገልብጠሽ ያዢው።


ወለተ_ኪዳን_ደጋዳሞት

እህቴ እኔ ተይው ባይ ነኝ፣ ቅር እንዳይልሽ። ልጅ ሆነሽ ያየሽው ነገር ይሄን ያህል አመት ካልለቀቀሽ ሌላ ለምን ትጨምሪበታለሽ? ወንድምሽን መውደድሽን በሌላ መንገድ ማሳየት ይቻላል። ደግሞ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፣ እኛ ጋ ህፃኑ ሁሉ የሚፆመው ፆም ነው፣ በዛ ሱባኤ እንዲህ አይነት ነገር ቤት ውስጥ ባይከፈት ደስ ይለኛል። ይልቅ ፆሙ ሲገባ ቅዳሴ ይዘሽው ሂጂ። ዝም ያለ ሰው ቅዳሴ ላይ ማንም አውራ አይለውም፣ ከሰው ጋር ቆሞ ዝም ይላል፣ እኔ ባለቤቴን ያጣሁ ጊዜ ያቆመኝ እሱ ነው።


ነርስ_ዳንግላ

ዱካኩን በተመለከተ ብቻ ልናገር። ህልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ላይ ሰውነታችን ህልሙን እንዳይተገብር ጡንቻዎቻችን ይዘጋሉ። አንዳንዴ አእምሮ ይነቃና ጡንቻው ገና ሳይለቀቅ ይቀራል፣ ህልሙም አይን ተከፍቶ እያለ በከፊል ይቀጥላል፣ ደረት ላይ የተቀመጠ የሚመስለው ያ ነው። ያስፈራል እንጂ በራሱ አይገድልም፣ በደቂቃ ውስጥ ይለቃል። የሚያባብሱት እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና በጀርባ መተኛት ናቸው። ስለዚህ ፊልሙን ያየሽ ቀን በጎንሽ ተኚ፣ አታምሺ፣ ከፊልሙ በኋላም ወዲያው አትተኚ፣ እራት ስሩ፣ ጎረቤት ሂዱ፣ ሰውነትሽ ይረጋጋ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የወንድምሽ እንቅልፍ ነው። አመት ሙሉ እስከ ሌሊት 8 ሰዓት መንቃት ቀላል አይደለም። ምግብ እየቀነሰ ከሆነ፣ "ምን ዋጋ አለው" አይነት ንግግር ካለ፣ ዝም ብለሽ አትጠብቂ፣ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ይዘሽው ሂጂ፣ ግቢ ሲመለስም የተማሪዎች ምክር አገልግሎት አለ።


ሞገስ_ያጣ_ቤት

እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ወንድ ነኝ 24 አመቴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልፅፍም፣ ዛሬ ግን ይሄን አንብቤ መተኛት አልቻልኩም።

እናቴ ካረፈች በኋላ እኔም ልክ እንደ ወንድምሽ ነበርኩ። ሆረር ብቻ። ሰው "እንዴት በዚህ ሀዘንህ ላይ እንዲህ አይነት ነገር ታያለህ" ይለኝ ነበር፣ መልስ አልነበረኝም፣ አሁን ግን ትንሽ ይገባኛል። ቀኑን ሙሉ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ነበር፣ ምንነቱ የማይታወቅ፣ መቼ እንደሚያልቅ የማይታወቅ። ፊልሙ ላይ ግን ፍርሃቱ መልክ አለው፣ በሩ ጋ ቆሟል፣ ይታያል፣ ሰዓትም አለው፣ 1 ሰዓት ተኩል ፈርቼ ላፕቶፑን እዘጋዋለሁ ያበቃል። ልቤ ይመታል ከዛ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ያቺ የሚወርድባት ሰዓት ነበረች እንቅልፍ የምትወስደኝ። ሌላ ጊዜ አይወርድም ነበር እኮ። ለሰው ግን እንዲህ ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው፣ በዛ ላይ ወንድ ልጅ ነህ፣ "ፊልም ነው የማየው" ማለት ይቀላል።

ስለዚህ ወንድምሽ ፊልም አብረሽኝ እይ ሲልሽ እኔ የምሰማው ሌላ ነገር ነው። እኔ ማንንም አልጠራሁም ነበር።

አሁን መጨረሻውን ልንገርሽ፣ ኤዲተሩ የተወውን። አባትየው ይሞታል። ትልቋ ልጅ ያንን መጫወቻ ለትንሹ ወንድሟ የሰጠችው እሷ ስለሆነች በሷ ጥፋት እንደሞተ ነው የምታስበው፣ አባቷም በዚህ ምክንያት እንደማይወዳት ታስባለች፣ ፊልሙን ሙሉ ይሄን ይዛ ነው የምትዞረው። መጨረሻ ላይ እሷና ሌላው ወንድሟ መኪና ውስጥ ሆነው አውሬው መጣባቸው፣ አባትየው ቆስሏል፣ ከሩቅ ሆኖ በምልክት እወድሻለሁ፣ ሁሌም እወድሽ ነበር ይላታል፣ ከዛ አውሬው ወደሱ እንዲመጣ ይጮሃል። እኔ ቤቴ ብቻዬን ሆኜ ነው ያየሁት እና ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግርሽም።

ወንድምሽ አይቶታል። ሳያየው አልጠራሽም፣ ይሄን እርግጠኛ ሆኜ ነው የምልሽ። ፊልም ልታዪ ሳይሆን እሱን ልታዪ ነው የምትቀመጪው።


እቴቴ_ፍኖተሰላም

ማርቆስ ያለኸው ወንድሜ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምፅፈው። ያልፃፍኩት ነገር አለ።

አባባ ያረፈ ጊዜ እሱ ባህር ዳር ፈተና ላይ ነበር። 3 ፈተና ቀርቶት ነበር። ሽማግሌዎቹ "ልጁ ይጨርስ፣ አሁን ቢነገረው አመቱ ይበላሻል" አሉ እኔም እሺ አልኩ፣ ስልክ ሲደውል "አባባ ደህና ነው ተኝቷል" ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ። ከቀብሩ በ6ኛው ቀን መጣ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶውን ነገሩት። አላለቀሰም። እኔን ነው ያየኝ። ከዛ ቀን ወዲህ ነው ዝም ያለው እና እኔ እስከ አሁን በሀዘኑ ነው ስል ነበር።

ወለተ ኪዳን እህቴ ቅር አላለኝም፣ ፍልሰታ ሳይገባ እናየዋለን፣ ፆሙ ሲገባ ደግሞ ያልሽውን አደርጋለሁ። ነርሷ እህቴ ምግቡን ይበላል፣ እንደዛ አይነት ንግግርም የለውም፣ ግን እከታተላለሁ።


ቡሬ_ዳማ

ሌላ ፊልም ምረጪለት በቃ። ለራስሽም ለሱም ብለሽ። አባት የሚሞትበትን ፊልም አባት ለሞተበት ልጅ ማሳየት ምን ይሉታል፣ ቁስል መነካካት ነው።


ኤዲተሩ_ጣና

ቡሬ፣ ፊልሙን የመረጠው እኮ እሱ ነው።


አያ_ጮቄ

ልጆቼ እኔ ፊልም አላይም፣ አይኔም አይረዳኝም፣ የልጅ ልጄ ናት ይሄን አንብባልኝ እኔ የምለውን የምትፅፈው። ግን ስለ ፍርሃት ኸተነሳ አንድ የማውቀው አለ።

እኛ ልጅ ሳለን ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ነበር የጭራቁን ተረት የምንሰማ። ጭራቁ ልጅ ይበላል፣ በሩን ያንኳኳል፣ ድምጡን አለስልሶ እናት ይመስላል። ኸውጭ ደግሞ የእውነት ጅብ ይጮሃል፣ ጮቄ ስር ማታው ጨለማ ነው ብርዱም ሌላ ነው። እንፈራ ነበር፣ ግን ማንም ተነስቶ አይሄድም፣ ይልቅ ወደ አባታችን ጋቢ ስር እንጠጋለን። አሁን ሳስበው ተረቱ ለዛ ነበር መሰለኝ የሚነገረን።

ሌላም አለ። ልጅ ሆኜ እናቴ ጣና ገዳማት ይዛኝ ሄዳ ነበር። ግድግዳው ላይ በላዔ ሰብእን ስለውታል። ታሪኩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው፣ የገዛ ቤተሰቡን ሳይቀር፣ ኋላ ለአንድ ለምጣም ድሃ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ አጠጣና ነፍሱ ሚዛን ላይ ስትቀመጥ ያች ጥርኝ ውሃ ኸ78ቱ ነፍስ ከበደች። ያኔ ሚዛኑ አልታየኝም፣ የታየኝ ሰው የሚበላው ሰውዬ ነው፣ ጮኬ እናቴ ነጠላ ውስጥ ገባሁ። እናቴ አልተቆጣችኝም፣ አልጎተተችኝም፣ እጇን አናቴ ላይ አድርጋ እስኪያልፍልኝ ቆመች፣ ኸዛ "አሁን ቀና በልና ሚዛኑን እይ" አለችኝ።

አንች ልጅ፣ ስትፈሪ ፈራሁ በይው። ታላቅ ነኝ ብለሽ አትደብቂው። አንድ ጊዜ ለሱ ብለሽ ደብቀሽበታል።


ነርስ_ዳንግላ

አያ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።


እቴቴ_ፍኖተሰላም

አየነው። ትናንት ነበር፣ ሐምሌ 26፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ።

እንዳላችሁኝ መጋረጃውን ከፈትኩ፣ የደቂቃዎቹን ወረቀት ጭኔ ላይ ያዝኩ፣ ገና ሳይጀምር "እኔ ይሄን ነገር በጣም ነው የምፈራው፣ ዱካክም የጀመረኝ በሱ ነው፣ ስፈራ ፖዝ አርገው እልሃለሁ" አልኩት። አያ ልክ ነበሩ። ወንድሜ ይሄን አያውቅም ነበር፣ ኖረን ኖረን አያውቅም ነበር፣ ላፕቶፑን አስጠግቶ የነበረውን ራሱ ራቅ አደረገልኝ።

ድልድዩ ላይ ጮህኩ። ምስማሩን አላየሁትም፣ እጄን አይኔ ላይ አድርጌ "አለፈ?" ስለው እሱ "ገና... ገና... አሁን አለፈ" እያለ ነገረኝ። የምጧ ሲን ላይ ዝናቡ መጣ፣ እናንተ የኛን ቆርቆሮ ታውቁታላችሁ፣ የፊልሙ ድምፅ ጭራሽ ጠፋ እና ያን ሁሉ ያለድምፅ ነው ያየነው፣ ኤዲተሩ እውነትህን ነው ያለድምፅ ሲሆን ሌላ ነው፣ ሴትዮዋ ስታምጥ እንጂ አውሬው አልታየኝም። ሁለት ጊዜ ፖዝ አስደረግኩት፣ አንዴ ቡና ልቁላ ብዬ ወጣሁ፣ አልተናደደም ተከትሎኝ ወጥቶ ከሰል አቀጣጠለልኝ።

አባትየው እጁን እያንቀሳቀሰ ሲነግራት እኔ ላፕቶፑን አላየሁም። እሱን ነበር የማየው። እሱም አላየውም፣ መስኮቱን ነበር የሚያየው። አልቆ ፅሁፉ እየወጣ እያለ "አባባ መጨረሻ ላይ ምን አለ?" አለኝ። አመት ከሁለት ወር ሙሉ ይሄን ጥያቄ ይዞት ነበር። እኔም ነገርኩት፣ ሁሉንም፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ፣ ውሃ ስሰጠው ያለውን፣ ስሙን ስንት ጊዜ እንደጠራው፣ "ፈተናውን ጨረሰ ወይ" እንዳለ፣ እና ስልኩ ላይ የዋሸሁት እኔ እንደሆንኩ። ሽማግሌዎቹ ናቸው ብዬ አላመካኘሁም። በጣም አለቀሰ፣ አልቅሶ አያውቅም ነበር እኮ፣ ጎረቤት ሁሉ መጣ ምን ሆናችሁ ብሎ። ይቅር አልኩሽ አላለኝም። ግን እራት ላይ ስለ አንድ የዶርም ልጅ አወራኝ፣ ትንሽ።

ማታ በጎኔ ተኛሁ፣ ዱካክ አልመጣብኝም። ከወዲያ ክፍልም ጩኸት አልሰማሁም፣ መብራቱ 5 ሰዓት ላይ ጠፋ።

ሆረር አሁንም አልወድም፣ በፍፁም። ግን ሁለተኛ ክፍል አለው አለኝ፣ በፈረንጅ 2021 የወጣ፣ ፍልሰታ ሲፈታ እናየዋለን ብለናል። ኤዲተሩ ወንድሜ፣ የሱንም ደቂቃዎቹን ከቻልክ ፃፍልኝ፣ እና ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች መሀል የሚሞት ካለ ቀድመህ ንገረኝ።